ለግርዶሹ የታደለው ፊልም

ጋሼ ደሞዜ ስልክ አይወዱም፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ ስልክ ነው። ደብረ ታቦር ላይ የሳቸውን ፎቶ ቤትና የኔን ሞባይል መጠገኛ የሚለየው አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በግድግዳው እየተጠራራን ስንጨቃጨቅ ኖረናል። እንደ እኔ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤት ለማንም አይስጥ። ሠናይት ምን ሆና ራሷን ትሰድባለች ትሉ ይሆናል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ግማሹ የእጄ ሥራ ስለሆነ ነው።

ሰውየው የሐሙሲት ልጅ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. አባታቸው ወይፈን ግዛ ብለው ብር አስይዘው ገበያ ይልኳቸዋል። ገበያው ዳር ከተበተነው ጦር የተመለሰ አንድ ወታደር ዜኒት የሚባል የሩሲያ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገዢ ይፈልጋል። ደሞዜ ወይፈኑን ትተው ካሜራውን ይዘው ቤት ገቡ። አባትየው ሦስት ወር ሙሉ አላናገሯቸውም። "በሬ ላክሁት፣ ዓይን ገዝቶ መጣ" እያሉ ላገኙት ሁሉ ይናገሩ ነበር አሉ።

ሙያውን ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ፊልም እያቃጠሉ ራሳቸው ተማሩት። ከዚያ ደብረ ታቦር ወጥተው ፎቶ ቤት ከፈቱ። መጋረጃቸው ላይ ሐይቅና ነጭ አውሮፕላን አሣሉ። ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ሰቀሉ። ከጉና ገብስና ድንች ጭኖ የወረደ ገበሬ ጋቢውን አውልቆ ያንን ኮት ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ኮቱን መልሶ ይሰቅልና ጋቢውን ደርቦ ወደ አገሩ ይወጣል። በስንት ቤት ግድግዳ ላይ ያ አንድ ኮት እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው። ፊልሙ ሠላሳ ስድስቱ እስኪያልቅ ካሜራው ውስጥ ይቆያል፤ ሲያልቅ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ባሕር ዳር ሄዶ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ሰው አንዳንዴ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ፊቱን ሲጠብቅ ይከርማል። እስከዚያው በየገበያው ቀን እየመጣ "ጋሼ፣ ፊቴ አልመጣም?" ይላል።

ጋሼ ደሞዜ ከካሜራቸው ይልቅ የሚሳሱት ለኔጋቲቩ ነበር። ታጥቦ የመጣውን ፊልም አራት አራት ፎቶ አድርገው ይቆርጡና ወሩንና ዓመቱን በጻፉበት ፖስታ ያደርጉታል፤ ፖስታዎቹን ደግሞ በብስኩት ካርቶን ይደረድራሉ። ካርቶኑ በካርቶን ላይ ተደራርቦ ጣሪያ ሊነካ ደርሶ ነበር። ፎቶ ለባለቤቱ ሲያስረክቡ ሁልጊዜ የሚሏት ነገር አለቻቸው። "ኔጋቲቩ እኔ ዘንድ ነው። ቤታችሁ ቢቃጠል እንኳ ሰዋችሁ አይጠፋም" ይላሉ። ሰውም አምኗቸው ይሄዳል። እሳቸውም ቃላቸውን ይጠብቁ ነበር።

እኔ ሱቄን ስከፍት ዘመኑ እየተገለበጠ ነበር። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ምርቃቱም በስልክ መነሣት ጀመረ። እኔም ደንበኛ ፊት ሳይቀር እፎክርባቸዋለሁ።

"ጋሼ፣ የኔ ስልክ እኮ በቀን ሺህ ፎቶ ታነሣለች! ያንቱ ካሜራ በወር ሠላሳ ስድስት።"

"ሺውን መልሰሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"ምን አስቸኮለኝ? ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ የለ!"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይሉና መፋቂያቸውን ወደ አፋቸው ይመልሳሉ።

እውነቱን ለመናገር ስልክ ያሸነፋቸው በጥራት አይደለም። የዚያች የዜኒት ፎቶ የቱንም ያህል ብታጎሉት ፊት አይበተንም፤ የገበሬው ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስልክ ያሸነፋቸው ሁልጊዜ ሰው እጅ ላይ ስለሚገኝ ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ለሳቸው ብዬላቸው አላውቅም። ብላቸው ምን ይቀርብኝ ነበር? በኋላ ለመታወቂያ ፎቶ ብለው አንዲት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ገዙ፤ እሷም ሥራ ፈታች። ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው መንገደኛ ሲያዩ ይውላሉ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት ፀሐይ ትጋረዳለች ተባለ። ራዲዮው በባዶ ዓይን አትመልከቱ፣ በኤክስሬይም በፎቶ ፊልምም አትመልከቱ፣ ዓይን ያጠፋል እያለ ይለፍፋል፤ የኛ ከተማ ግን ፀሐይ መጋረዷን ሰምቶ የቀረውን አልሰማም። ዋዜማውን ሙሉሐብት የሚባል መምህር መጣ። ትምህርት ቤት በወረርሽኙ ተዘግቶ ከከተማው ወጣ ያለችው ጋፋት መንደር ቤቱ ከተቀመጠ ሦስት ወር ሆኖታል።

"ጋሼ ደሞዜ፣ ለመንደሩ ሰው ፀሐይ ማያ የሚሆን የተቃጠለ ፊልም አይሰጡኝም?"

ጋሼ ደሞዜ ካርቶኖቹን ቀና ብለው አዩ። እኔ ምላሴ መች ያርፍና!

"ይስጡት እንጂ ጋሼ! ያንን ኮተት ከእንግዲህ ማን ሊጠይቅዎት ነው? ለአይጥ ነው ያስቀመጡት?"

ጥቂት አሰቡና አንድ ካርቶን አወረዱ። መምህሩ "ጋፋት ላይ ብዙ ሰው አለ፣ ይበቃን ይሆን?" ቢል፣ መቀስ አንሥቼ አራት አራቱን ፎቶ ሁለት ሁለት እያደረግሁ ቆረጥኩለት። ወሬው ተሰማ፤ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ነጠላውን እንደ ለበሰ በፎቶ ቤቱ ደጅ ተሰለፈ። ከስንት ዓመት በኋላ ለጋሼ ደሞዜ ሰው ተሰለፈ! "አትጋፉ፣ ይዳረሳል" እያሉ በሁለት እጃቸው ያድላሉ፤ ፊታቸው እንደዚያን ቀን ሲበራ አይቼ አላውቅም። ፀሐይዋ እንደ ማጭድ ቀጥና ብርዱ ሲመጣ፣ ሁላችን የማናውቃቸውን ሙሽሮችና የክርስትና ልጆች ዓይናችን ላይ ደቅነን እየተሳሳቅን አንጋጠጥን። ማታ የቀሩት ባዶ ካርቶኖች ነበሩ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለኛ ኖሯል።

በጥር መጨረሻ እትዬ ጌጤ የሚባሉ ሴት ከጉና ወረዱ። ልጃቸው ይሻው ሥራ ፍለጋ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ጀልባው ሰጥሞ ሞቷል። መርዶው ከደረሳቸው ወር ሆኗል፣ አርባው ሊወጣ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። በኛ አገር ሰው በሩቅ ሲሞት ድንኳኑ መሀል ልብሱና ፎቶው ይቀመጣል፤ አልቃሽ የምታወርደው፣ ዘመድ ደረቱን የሚመታው በዚያ ፊት ነው። ሬሳው እሱ ነው።

እትዬ ጌጤ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ፎቶ ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ጉና ላይ ጉሙም ጭሱም ቤት አይለቅምና ፎቶው ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። ለመርዶው ለቅሶ ሊያወጡት ቢሉ ተልጦ ከአንገት በላይ ያለው ቀለሙ ፈርሶ መስተዋቱ ላይ ቀረ። ሐይቁ አለ፣ የአውሮፕላኑ ክንፍ አለ፣ ጥቁሩ ኮት አለ። ፊት የለም።

አብራቸው የመጣች ዘነበች የምትባል ሴት ልጃቸው ስልኳን ሰጠችኝ። የይሻው ስልክ ከነፎቶዎቹ ከሱ ጋር ባሕር ገብቷል፤ እሷ ዘንድ የቀረች ከጅቡቲ የላከላት አንዲት ፎቶ ናት። ጥቁር መነጽር አድርጎ ከሰው መኪና ተደግፏል፤ ስትላክ ተጨምቃ ጥፍር አክላለች። እችላለሁ ብዬ አጎላሁት። ባጎላሁት ቁጥር ፊቱ ጠጠር ጠጠር እየሆነ ተበተነ። አትሜ ለእናቱ ሰጠኋቸው።

"ይኸ ማነው?" አሉ።

"ይሻው እኮ ነው፣ እማ" አለች ዘነበች።

"እኔ ይሻውን ነው የወለድሁት። ጠጠር ላይ አላለቅስም።" ወደ ጋሼ ደሞዜ ዞሩ። "አንቱ፣ ለሁለት ሺህ ዘመን መለወጫ ይዤው ስመጣ ቤታችሁ ቢቃጠል እንኳ ሰዋችሁ አይጠፋም ብለውኝ አልነበረም? እንግዲያው ልጄን ይስጡኝ።"

ጋሼ ደሞዜ ባዶውን ግድግዳ አዩ። ካርቶኖቹ የሌሉበት ግድግዳ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ለፀሐይ ሰጠሁት ብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል? "እስከ አርባው አመጣዋለሁ፣ እመት" አሉ። እትዬ ጌጤ አመስግነው ወጡ። ጋሼ ደሞዜ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ፊት፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ አለቀሱ። አንድ ቃል አልወቀሱኝም። ምነው በሰደቡኝ ብዬ ተመኘሁ።

"መስከረም ሁለት ሺህ ያለበትን ካርቶን ማን እንደ ወሰደው ታስታውሻለሽ?" አሉኝ።

"መምህሩ ነው። ቀድሞ የወረደው ያ ካርቶን ነው።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ በማግሥቱ ሁለታችንም ሱቃችንን ዘግተን በእግራችን ጋፋት ሄድን። መምህር ሙሉሐብት ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ፤ ቤት ለቤት ይዞን ዞረ። ሰው ከግርዶሹ በኋላ ፊልሙን አልጣለውም፤ ሥራ ሰጥቶታል። ወፍ እንዲያባርር ሽንኩርት መደቡ ዙሪያ በክር ተሰቅሏል፤ ጭልፊት እንዲያስደነግጥ ከዶሮ ቤቱ በላይ ተንጠልጥሏል። የክረምቱ ዝናብና የበጋው ፀሐይ ቀለሙን በልተውታል። ጋሼ ደሞዜ እያንዳንዱን እየፈቱ ወደ ብርሃን ያነሡታል።

"ይኸ የቄሱ ልጅ ሠርግ ነው። ይቺ ክርስትና ናት፤ ልጅቷ ስታለቅስ ነበር። ይኸ... ይኸ ነጥቷል፤ ማን እንደሆነ አላየውም።"

የሃያ ዓመት ሥራቸውን ከአጥር ላይ እየለቀሙ ሲሄዱ ከኋላቸው እከተላለሁ። በየቤቱ "ምን ጠፋችሁ?" ሲሉን እኔ ነኝ የምመልሰው። ሁለት ቀን እንዲህ ዞረን በሦስተኛው ቀን አሰለፈች የሚባሉ አሮጊት ክራቸውን ከሚያስቀምጡበት ሙዳይ አንዲት ቁራጭ አወጡ።

"ሌላው ሲሰቅል እኔ እንቢ አልሁ። ሰው እኮ ነው ያለበት፤ እንዴት አድርጌ ሰው ዝናብ ላይ እሰቅላለሁ?"

ጋሼ ደሞዜ ቁራጯን ወደ ፀሐይ አነሡ። አየሁ፤ አውሮፕላኑ አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ኮቱ አለ። ፊትም አለ። "እሱ ነው! እሱ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። እሳቸው ግን የአሮጊቷን ጉልበት ስመው እዚያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"ጨፍኗል" አሉኝ።

የካሜራው ብልጭታ ብዙውን ገበሬ ስለሚያስደነግጥ ጋሼ ደሞዜ ዘዴ ነበራቸው። "ዓይንህን ጨፍን፣ ሦስት ስል ክፈት" ይላሉ። ይሻው ዘግይቶ ከፈተ። ጋሼ ደሞዜ ይህን አይተው ወዲያው ሁለተኛ አንሥተውታል፤ ለእናቱ ታትሞ የተሰጠው ያ ሁለተኛው ነው። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ባለ አራት ፎቶ ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። መካከላቸው የገባው የኔ መቀስ ነው። ሌላውን ግማሽ ሁለት ቀን ደግመን ፈለግነው፤ ቢያንስ ነጥቶ እንኳ ብናገኘው ብለን የዶሮ ቤት ጣሪያ ሳይቀር ወጣሁ። የለም።

ኔጋቲቭ የሚያትም ደብረ ታቦር ላይ ድሮም አልነበረም፤ ባሕር ዳር ብናስጠይቅም ማሽኑ ከተሸጠ ዓመታት ሆኖታል አሉን። እኔ የአንዱን ስልክ ስክሪን ነጭ አድርጌ አበራሁ፣ ቁራጯን ላዩ ላይ አጋደምኩ፣ በሌላ ስልክ አነሣኋት፣ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጌ ገለበጥኩት። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከስልኬ ውስጥ ወጣ። አጎላሁት፤ አልተበተነም። የኮቱ ክር ይታያል፣ ከንፈሩ ላይ ያቆጠቆጠው ጢም ይታያል፣ ሽፋሽፍቱ ጉንጩ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጋሼ ደሞዜ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው ያዩ ነበር።

"በፎቶ ቤቴ ዕድሜ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ከደጄ ወጥቶ አያውቅም" አሉ። "ለሞተ ልጅ እናት ደግሞ እንዴት ይህን እሰጣለሁ?"

"እንከፍትለት ይሆናል" አልኳቸው። ስልክ ላይ ዓይን ቆርጦ የሚለጥፍ ነገር አለ። ዘነበች ወንድሟን ትመስላለች፤ ፎቶዋን አስልኬ ዓይኗን ከሷ ወስጄ እሱ ላይ ተከልኩት። በእውነት አማረ። የሚያይ ልጅ ሆነ። ጋሼ ደሞዜ ተመለከቱትና "ሁለቱንም አትሚያቸው" አሉኝ። ሁለቱንም በትልቁ አትሜ በፌስታል ያዝኳቸው።

የአርባው ዋዜማ በሚኒባስ እስከ ክምር ድንጋይ ሄደን ከዚያ ሁለት ሰዓት ዳገቱን ወጣን። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የተከፈተውን እንስጣቸው፣ አያውቁም፣ ይጽናኑበታል። ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ መሀሉ ላይ አልጋ ተዘርግቶ የይሻው ጋቢና አንድ ሸሚዝ ተቀምጠውበታል። የሚያስተዛዝነው ሰው ዙሪያውን ተቀምጧል። እትዬ ጌጤ እኛን ሲያዩ ተነሡ።

እጄን ወደ ፌስታሉ ሰድጄ የተከፈተውን ልስብ ስል ጋሼ ደሞዜ ክንዴን ያዙኝ። "ተይ፣ ልጄ። የልጇን ዓይን ታውቃለች" አሉና የጨፈነውን ራሳቸው አወጡ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው አጎነበሱ።

"እመት፣ ይቅር ይበሉኝ። ደኅናውን አጠፋሁት። አደራ በላሁ። ያገኘሁት ይኸ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኗል።"

መቀሱ የኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ያ የማያርፍ ምላስ አልንቀሳቀስ አለ። የተከፈተውን ዓይን ከነፌስታሉ እግሬ ሥር ደበቅኩት።

እትዬ ጌጤ ፎቶውን ተቀብለው አዩት። ስድብ እጠብቅ ነበር።

"እኔ እኮ" አሉ በዝግታ፣ "ይኸን ወር ሙሉ ዓይኑን ማን ከደነለት እያልሁ ነው የማድረው። የሰው ልጅ ዓይኑ ሳይከደን ጨው ሲገባበት እያየሁ ነው የማድረው። ለካ ተከድኖለታል።" ከፎቶው ቀና አሉ። "ማን ነበር አጠገቡ?"

"እኔ ነበርሁ፣ እመት። ጨፍን ያልሁትም እኔ ነኝ።"

"እሺ አለ?"

"እሺ አለ። ወዲያው ጨፈነ።"

"እሺ ባይ ነበር ልጄ" አሉ እትዬ ጌጤ። ፎቶውን ጋቢው ላይ አጋድመው መዳፋቸውን በዓይኖቹ ላይ ወደ ታች አሳለፉ። ከዚያ ስሙን ጠርተው ጮኹ፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሬሳ እንደ ገባ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።